እውነት ወይስ ተረት? የፎገራ መሬት ሥሩ ባዶ ነው?

መጋቢት ሲጋመስ ከወረታ ወጣ ብሎ የፎገራን ሜዳ በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ዓይኑን ከመሬት አይነቅልም። ሩዙ ታጭዷል፤ ከሩዙ በኋላ በቀረው እርጥበት የበቀለው ጓያም ተነቅሏል፤ ዋልካው ብቻ አፉን ከፍቷል። ንቃቃቱ የሰው እግር ይውጣል፣ የጥጃ ሰኮና ይይዛል። እረኛ በትሩን ቢሰድበት ጫፉ የሚነካው ነገር የለም። ይህን ያየ እንግዳ «ሥሩ ዋሻ ቢሆን ነው እንጂ» ቢል አይፈረድበትም።

ተረት ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ ነው። በበጋ ሲኮማተር ይተረተራል። ስንጥቁ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ታች ካለው ያልደረቀ ጭቃ ሲደርስ ግን ያበቃል። ክረምቱ ሲጠና ሸክላው አብጦ ራሱ ይዘጋዋል፤ ነሐሴ ላይ ቦታውን ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል።

ትልልቆቹ ዋሻዎች ሌላ ድንጋይ ይፈልጋሉ። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየያዘ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ውሃ የኖራ ድንጋይን በረጅም ዘመን ያሟሟዋል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የፈለፈለው እንዲህ ነው። የፎገራ ደለል ግን ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል አጥበው ያመጡት ነው፤ ከደለሉ በታች ያለውም ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ እንደ ኖራ ድንጋይ በውሃ አይሟሟም። የኖራ ድንጋይ ፎገራ ባለበት ክልል ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ከባዛልቱ በታች ተነባብሮ ያየዋል። ባዛልት ባለበትም ዋሻ አይጠፋም፦ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ላስታ ውስጥ የታነጸው በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ነው። ግን ያ የተራራ ጎን እንጂ ሜዳ አይደለም።

«በዚህ የገባ በዚያ ይወጣል» የሚለው ወሬስ? በየአገሩ አለ፤ አንዳንዱ መውጫውን ኢየሩሳሌም ያደርሰዋል። ፎገራ ላይ ይህን ለማፍረስ ጂኦሎጂስት አያስፈልግም። ሜዳው ከጣና ውሃ ብዙም ከፍ አይልም፤ ክረምት ላይ ሐይቁና ወንዞቹ ይተኙበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ሥር መተላለፊያ ቢኖር ኖሮ መንገደኛው መጀመሪያ ዋና መማር ነበረበት።

ሰው ጥልቅ ጉድጓድ ሲያይ የሆነ ነገር ማስገባቱ አይቀርም። የመን፣ ማህራ በረሃ ውስጥ 30 ሜትር የሚሰፋ የባርሁት ጉድጓድ አለ፤ የጂኒዎች እስር ቤት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የኦማን ዋሻ አሳሾች በገመድ 112 ሜትር ወርደው ወለሉን ረገጡት። ያገኙት እባብ፣ የሞቱ ወፎች፣ ፏፏቴና ጠብታ ያድበለበላቸው የኖራ እንክብሎች ነበር። በረሃ ላይ ውሃ የቦረቦረው ጉድጓድ መኖሩ የሚያስገርመው ካለ የጣናን ታሪክ ይመልከት፦ ከሐይቁ ወለል የተቆፈረው ጭቃ እንደሚያሳየው፣ ከ16,000 ዓመት በላይ በፊት ጣና ራሱ ደርቆ ነበር። ዛሬ ውሃ ያለበት ቦታ ደርቆ እንደነበረ ሁሉ፣ ዛሬ ደረቅ የሆነው ቦታም ሁሌ ደረቅ አልነበረም።

«ማሳው በአንድ ሌሊት ሰመጠ» የሚለውን ግን እንደ ተረት መጣል አይገባም። በሰሜን ኢትዮጵያ ዋልካ መሬት ላይ አጥኚዎች በተደጋጋሚ የመዘገቡት ነገር ነው፤ በተለይ ሜዳው አብቅቶ ተዳፋቱ በሚጀምርበት። የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ንቃቃቱ ሳይዘጋ ከደረሰ፣ ውሃው ላይ ላዩን መፍሰሱን ትቶ በስንጥቁ ይገባል። ከውስጥ አፈር እያጠበ እንደ ቱቦ ያለ መንገድ ያበጃል፤ በታች በኩል ቦረቦር ካለ በዚያ ይተነፍሳል። ከላይ ሣሩም ቡቃያውም ደህና ይመስላል፤ ጣሪያው ሲሳሳ በበሬ ክብደት ይደረመሳል። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ሲገናኙ ቦረቦሩ ወደ ማሳው ይገባል።

የተከፈተውን አፍ በአፈር ብቻ ሞልቶ መሄድ አያዋጣም፤ ቀጣዩ ዝናብ መልሶ ያጥበዋል። ከላይ የሚመጣውን ውሃ በቦይ አስቀይሶ፣ ከታች መውጫውን ፈልጎ በድንጋይ ማጠር፣ ከዚያ በኋላ መሙላት ይሻላል። በሬዎቹንም እስከዚያው ከዚያ አካባቢ ማራቅ ነው።