የቪታራው ከፍታና የነጋዴው ሒሳብ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና የሚያደርሰው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው። ከሆሳዕና ወዲያም በዶዮገና አድርጎ ወደ አረካና ወደ ወላይታ ሶዶ ይዘልቃል። በዚህ መስመር ላይ ለሚመላለስ ሰው ማንኛውም የቤት አውቶሞቢል ይበቃዋል። የሀድያና የከምባታ ንግድ ግን አስፋልት ዳር ቆሞ አይጠብቅም። ስንዴው ከሌሞና ከዱና ቀበሌዎች፣ በጉ ከዶዮገና ጓሮዎች፣ ዝንጅብሉና ቡናው ከሀደሮ ወገን ይሰበሰባል። ሰብሳቢው ከአስፋልቱ መውረድ ግድ ይለዋል። በልግ ሲገባና ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ የደጋው ቀይ አፈር ይርሳል፤ ዳገቱ ይንሸራተታል፤ የመኪና ጎማ የሰመጠበት ቦይ በየሳምንቱ እየጠለቀ ይሄዳል።

አነስተኛ ፎር ዊል ያለው ነጋዴ የሚያነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ሞላውን ቀይሮ መኪናውን ከፍ ማድረግና ትልቅ ጎማ ማስገባት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ጥያቄው የጋራዥ ብቻ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የኢንቨስትመንት ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ከመኪናው ሥር ብቻ ሳይሆን ከሒሳብ መዝገቡም ጭምር ነው።

መተኪያ የታጣለት ንብረት

በመጀመሪያ የአቅርቦቱን ሁኔታ እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተር ጉልበታቸው እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ጫናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

ሦስቱ እርምጃዎች ተደምረው ለባለ አሮጌ ቪታራ ያላቸው ትርጉም ግልጽ ነው። መኪናው ቢሰበር እሱን የመሰለ ሌላ ለማግኘት የሚፈለገው ገንዘብ ከፍ ብሏል። መለዋወጫውም በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው። ስለዚህ የማሳደግ ሥራ ቢበላሽ የሚያስከትለው ኪሳራ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይበልጣል። በሌላ በኩል የመንደሩ ንግድ አልቀነሰም። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከ1990ዎቹ ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደው የአካባቢው ወጣት የሚልከው ገንዘብም ሕንጻና መኪና ሲሆን ይታያል። ፍላጎት አለ፤ አቅርቦት ጠቧል። ባለንብረቱ ያለውን መኪና አሻሽሎ መጠቀም ቢያምረው አይፈረድበትም።

ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ሞላ ሲረዝም ወይም በሞላው ላይ ስፔሰር ሲገባ ከፍ የሚለው ሻሲውና ካሮሴሪያው ነው። እንደ ቪታራ የኋላ አክሱ አንድ ወጥ በሆነ መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ እዚያው በነበረበት ከፍታ ይቀራል። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ጎማውም ከጨመረው ቁመት የሚሰጠው ግማሹን ነው።

በቁጥር እንየው። በብዙዎቹ የመጀመሪያ ትውልድ ቪታራዎች ላይ የሚገኘው 195/80 ቸርኬ 15 ጎማ ቁመቱ 693 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ235/75 ቸርኬ 15 ቢተካ ቁመቱ 733 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው ግን በ2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዚች 2 ሳንቲ ሜትር የሚከፈለው ደግሞ የጎማው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጎማው 6 በመቶ ስላደገ እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው መጠን ይከብዳል፤ ሜትሩ 80 ሲያነብ መኪናው 85 ገደማ ይሮጣል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ስለሚያንሰው ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። በዚህ ላይ የ6 በመቶ ጫና ሲታከል ለዱራሜ ዳገትና ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚቆመው የአምበሪቾ ተራራ ግርጌ መንገዶች ሦስተኛው ማርሽ ይሠራ የነበረውን ሁለተኛው ሊረከበው ነው። ነዳጁም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ስፋቱም ቢሆን ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። በላዩ ላይ የረጠበ፣ ከሥሩ ግን ጠንካራ በሆነ ቀይ አፈር ላይ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ሥሩን ይነክሳል። ሰፊው በላዩ ይንሳፈፋል፤ ይንሸራተታል። በዚህ መሬት ላይ ከጎማው ቁመት ይልቅ ጥርሱ ዋጋ አለው።

ሁሉም ፎር ዊል አንድ አይደለም

ደላላ “ፎር ዊል” ብሎ በአንድ ስም የሚጠራቸው መኪኖች ከሥራቸው ሲታዩ የተለያዩ ናቸው። ጂምኒ ራሱን የቻለ ሻሲ፣ ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስ፣ እንዲሁም ከባድ ማርሽ አለው። ስለዚህ ማሳደግን በቀላሉ ይቀበላል። ይሁንና ከመጠን በላይ ከፍ ሲል የፊት አክሱ ማዕዘን ይዛባና መሪው መንገድ አይዝም። የመጀመሪያው ቪታራም ሻሲና ከባድ ማርሽ አለው፤ ከፊት በኩል ግን እያንዳንዱ እግር ለብቻው ስለሚንቀሳቀስ ዲፈረንሻሉ ከሻሲው ጋር አብሮ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ወደ ጎማው የሚወርዱት ሴሚያሶች ይዘቀዘቃሉ፤ መጋጠሚያቸው በተጣመመ ማዕዘን እየዞረ ጎማው ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ይቀዳል፤ ጭቃ ይገባበታል፤ ይበላል። ላዳ ኒቫም ከፊት በኩል ተመሳሳይ ጠባይ አላት። ራቭ ፎርና ቴሪዮስ ደግሞ ከባድ ማርሽ የላቸውም። እነሱን ማሳደግ ሆድ እንዳይነካ ይረዳ እንደሆነ እንጂ በዳገት ላይ ጉልበት አይሰጥም።

ለእነዚህ መኪኖች በዓለም ገበያ የሚሸጡት የታወቁ የሞላና የሾክ አብዞርበር ጥንዶች፣ ለምሳሌ የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ፣ ባብዛኛው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆማቸው በአጋጣሚ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር የሴሚያስ፣ የፍሬን ቱቦና የመሪ ሥራ ያስከትላል። በቶርኖ ቤት የሚቀረጸው ስፔሰር ርካሽ ነው። ነገር ግን ያረጀውን ሞላ አያድሰውም፤ ሾክ አብዞርበሩም አጭር ስለሚሆን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በነገራችን ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ሞላ በጭነት ብዛት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ባለንብረቱ ከፋብሪካ የወጣበትን ልክ አዲስ ሞላ ቢያስገባ ብቻ ያጣውን ከፍታ መልሶ ያገኛል። ይህም ምንም ተጨማሪ ጣጣ የለውም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረጃ የቀረቡ የገበያ ዋጋዎች ሳይሆኑ ለስሌት ምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካቸው።

እንበል አንድ ነጋዴ ለሞላ፣ ለሾክ አብዞርበር፣ ለ5 ጎማና ለእጅ ዋጋ በድምሩ 240,000 ብር አወጣ። ዕቃው 4 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 60,000 ብር ነው። በዓመት 150,000 ብር ነዳጅ የሚያቃጥል ከሆነና ፍጆታው በ8 በመቶ ቢጨምር 12,000 ብር ይታከላል። ጠቅላላ የዓመት ወጪው 72,000 ብር ሆነ ማለት ነው። መኪናው መንገድ ላይ ሲቀር በአንድ የገበያ ቀን የሚያጣው ትርፍ 4,000 ብር ቢሆን፣ ወጪውን ለመመለስ ከፍታው በዓመት 18 የገበያ ቀናት ሊያድንለት ይገባል።

ከሰኔ መግቢያ እስከ መስከረም አጋማሽ 15 ሳምንት ያህል አለ። በሳምንት አንድ የገጠር ገበያ ብቻ የሚወጣ ነጋዴ በሙሉ ክረምቱ 15 ቀን ብቻ ነው ያለው። ሁሉንም ቀን በጭቃ ታግዶ፣ ሁሉንም ቀን መኪናው ቢያወጣው እንኳ 18 አይሞላም። ለእሱ የክረምቱን ቀናት ከፍ ያለ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ተከራይቶ መሥራት ይሻለዋል። ሁለት ገበያ የሚያዳርስና በልጉንም ጭምር የሚሠራ ሰው ግን ስሌቱ ሊወጣለት ይችላል። ኢኮኖሚስቶች የዕድል ዋጋ የሚሉት ይኼው ነው። ያው 240,000 ብር ስንዴ ወይም በግ ቢገዛበት ኖሮ ምን ያህል ያተርፍ ነበር የሚለውም እዚሁ ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት። ትርፉ ሳይሰላ ለዓይን ሲባል የሚደረግ ከሆነ አባቶች “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ያሉት ይደርሳል።

በደረሰኝ የማይመጣ ወጪ

መኪና ከፍ ሲል የክብደቱ ማዕከልም ከፍ ይላል። አነስተኛ ፎር ዊሎች ደግሞ ጠባብ ናቸው። የጂምኒ ታላቅ ወንድም ሊባል የሚችለው ሱዙኪ ሳሙራይ፣ ማንም ሳያሳድገው፣ ከፋብሪካ በወጣበት ቁመቱ፣ በአሜሪካ ኮንሱመር ሪፖርትስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988 ለመገልበጥ አደጋ የተጋለጠ ነው ተብሎ “ተቀባይነት የሌለው” የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ሱዙኪ ከሶ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2004 በስምምነት እስኪያልቅ ድረስ ዓመታት ፈጅቷል። በጣሪያው ላይ ኩንታል ጭኖ ከገበያ የሚመለስ ያደገ መኪና ታጣፊ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ፍሬኑም እንዲሁ ነው። ጎማው 6 በመቶ ካደገ እሱን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በዚያው መጠን ያድጋል፤ የፍሬኑ ዲስክና ሸራ ግን የድሮው ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ የሚቆጣጠር መሣሪያ አለ። መኪናው ከፍ ሲል መሣሪያው ጭነት የሌለ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ሥራው ሲጠናቀቅ እሱ እንዲስተካከል፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር፣ የጎማው አላይመንት እንዲታይና የፊት መብራቱ ዝቅ እንዲል ያላዘዘ ባለንብረት ሥራውን በግማሹ ነው የተረከበው።

ሕጉም አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪናን በየዓመቱ ምርመራ ፊት ያቀርበዋል፤ ቦሎ የሚገኘውም ምርመራውን ሲያልፍ ነው። ከፓራፋንጎው የወጣ ጎማና በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ዕቃ ይዞ መቅረብ አያዋጣም። ከኢንሹራንስ ጋርም ቢሆን፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ምዕራፎች መድን ገቢው የአደጋውን ሥጋት የሚለውጡ ነገሮችን እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ። መኪናው ማደጉን በጽሑፍ ማሳወቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ አለማሳወቁ ግን ካሳ የሚጠየቅበት ቀን ላይ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

ለገዢና ለደላላ

ያደገ መኪና ሲሸጥ ከፍታው በራሱ ዋጋ የሚጨምር ነገር ተደርጎ መቅረብ የለበትም። ገዢው ከሥሩ ገብቶ ይይ። ከፍ ያደረገው ሞላ ነው ወይስ ስፔሰር? የሴሚያሱ ላስቲክ ተቀዷል? ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ኩሽኔታው ይጮኻል? የኋላ በሩ ትልቁን ተጠባባቂ ጎማ ተሸክሞ ማጠፊያው ላልቷል?

ጎማ የሚገዛም ከጎኑ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብብ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ከጎማ ተራ እስከ ሆሳዕና ሊገጥም ይችላል። አራቱም ጎማዎች አንድ ልክ መሆን አለባቸው። ገንዘብ አጥሮት ሁለቱን ብቻ ትልቅ አድርጎ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሰው ኃይል ማከፋፈያውን እየሰበረ ነው።

መጨረሻ ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይመከራል። መጀመሪያ በነበረው ልክ ጥሩ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ይግዛ፤ ጭቃ ላይ ሲደርስ ነፋሱን ከ28 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ ዝቅ ያድርግ፤ አስፋልት ሲወጣ ጎሚስታ ጋ ይሙላ። ካልበቃው ያረጀውን ሞላ በአዲስ ይተካ። አሁንም ሆዱ የሚነካ ከሆነና ስሌቱም ከፈቀደ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያሳድግ። የወጣውን ኦሪጅናል ሞላና ጎማ ግን አይሽጥ፤ መኪናውን በሚሸጥበት ቀን አስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ገዢ ቢመጣ አብሮ የሚያስረክበው እሱን ነው።