ካሎሪ ቆጠራ ከወጥ ቤት ይጀምራል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ክብደቱን የቀነሰ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው አድናቆት አይደለም። «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» የሚል የስጋት ጥያቄ ነው። አይፈረድም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ በዓይናቸው ያዩ እናቶችና አባቶች ዛሬም አብረውን ይኖራሉ። ለእነሱ የሞላ ጉንጭ ጤና ነው፤ ምግብ ማስተረፍ ደግሞ ነውር። «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋን ጉርሻ በካሎሪ ምክንያት መመለስ ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል አኗኗራችን ተለውጧል። ጠዋት ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሠራተኛ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ተቀምጦ ይውላል፤ ተቀምጦ ይመለሳል። ዘይቱና ስኳሩ ግን ጨምሯል። ትርፉ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የደም ግፊትና የስኳር በሽታም አብረው ይመጣሉ።

ታዲያ ማዕዱን ሳንረብሽ እንዴት እንቁጠር? መልሱ ቆጠራውን ከማዕድ ወደ ወጥ ቤት ማዛወር ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ካሎሪ ከምግብ የምናገኘው ጉልበት መለኪያ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ይሰጣል። እንደ ዕድሜ፣ ቁመትና እንቅስቃሴ ቢለያይም አንዲት ሴት በቀን ወደ 2,000፣ አንድ ወንድ ወደ 2,500 ካሎሪ ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ ላይ በቀን 500 ያህል የሚቀንስ ሰው መጀመሪያ ላይ በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በላይ መቸኮል አያዋጣም።

ጄሪካኑ ላይ ቀን ይጻፉ

የወጥ ዘይት ከሽንኩርቱና ከበርበሬው ጋር ስለሚዋሃድ ሳህን ላይ አይታይም። ስለዚህ ከምንጩ እንቁጠረው። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 በላይ ካሎሪ አለው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትሩን ጄሪካን በወር ከጨረሰ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 270 ካሎሪ ከዘይት ብቻ አገኘ ማለት ነው። ያው ጄሪካን 45 ቀን ቢቆይ ቁጥሩ ወደ 180 ይወርዳል። ማንም ጉርሻ አልመለሰም፤ ማንም «ከሳሽ» አልተባለም።

ዘዴው ቀላል ነው። ጄሪካኑን የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት። ከጄሪካኑ በቀጥታ ማፍሰስ ትተው በሾርባ ማንኪያ ይለኩ፤ አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው። ሽንኩርቱ ማረር ሲጀምር ዘይት ከመጨመር ውኃ ጠብ ማድረግ ይቻላል። ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ሲገኝም ከመጥበስ ይልቅ ጉላሽ ቢሠሩት ዘይቱ በእርስዎ ልክ ይሆናል።

እንጀራውን አንድ ጊዜ ይመዝኑ

የስልክ መተግበሪያዎች የእርስዎን ምጣድ ስፋት አያውቁም። 100 ግራም የጤፍ እንጀራ ወደ 150 ካሎሪ አለው። የቤትዎን እንጀራ በወጥ ቤት ሚዛን አንድ ጊዜ ይመዝኑ፤ 350 ግራም ከሆነ አንዱ ከ500 ካሎሪ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መመዘን አያስፈልግም።

ስኒውና ጾሙ

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከ16 እስከ 20 ካሎሪ አለው። በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው 150 ካሎሪ ያህል ጠጣ ማለት ነው፤ የቡና ቁርሱ ሳይቆጠር።

ጾምም በራሱ አያከሳም። ከሥጋና ከቅቤ የታቀበ ማዕድ በዘይት ሊካካስ ይችላል፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሚቀርበው ሳምቡሳም ዘይት ይጠጣል። ሁለቱም እምነት በአንድ ግቢ በሚኖርበት ወሎ ይህን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

የማሸጊያው ቁጥር

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማሸጊያ ላይ የትኛው ቃል ጎልቶ እንደሚጻፍ የታሰበበት መሆኑን አውቃለሁ። «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው የአትክልት ዘይት ካሎሪው ያው ነው። ብስኩት ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ፤ ቁጥሩ የሙሉው ፓኬት ነው ወይስ የ100 ግራም? በኪሎጁል ከተጻፈ ለ4.2 ያካፍሉት።

የመጀመሪያው ሳምንት

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይቀንሱ፤ የበሉትንና የጠጡትን ብቻ ይመዝግቡ። በሁለተኛው ሳምንት ትልቁን አንድ ነገር መርጠው ይቀንሱ። የተረፈውን የሳህን ቦታ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ምስርና ፍራፍሬ ይሙሉት። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚመክረው በየቀኑ የተለያዩ የምግብ ዓይነቶችን መመገብና ስብ፣ ስኳርና ጨው መቀነስን ነው። የደሴ ዳገትም ያግዛል፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናትና ታዳጊዎች ካሎሪ መቁጠር የለባቸውም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 ካሎሪ በታች መውረድ የለባቸውም።

አያት ሲያጎርሱ ይጉረሱ። የእሳቸው ጉርሻ አይደለም ያወፈረን፤ ሳይለካ የሚፈሰው ዘይት ነው። ዛሬ አዲስ ጄሪካን የሚከፍቱ ከሆነ እስክሪብቶ ይዘው ይቅረቡ።