ጓሯችን ውስጥ ማን ገባ?

ጠዋት ነው። ጉሙ ከቡናው ላይ ገና አልተነሣም። አንዲት እናት ጎመን ልትቀነጥስ ወደ ጓሮ ወጣች እንበል። ትናንት ማታ 20 እግር ጎመን ነበራት። ዛሬ የቀረው 5 ብቻ ነው። ከእንሰቱም ሥር አፈሩ ተቆፍሯል። እናቲቱ እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ኧረ ማን ነው የገባው?» አለች።

ይህ ጥያቄ የሁላችንም ነው። በጨለለቅቱም ሆነ በይርጋጨፌ፣ በዲላም ሆነ በቡሌ፣ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጠይቆታል። በዚህ ሳምንት የምንጽፈው ስለዚሁ ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። በሁለት ቀን ከፍላችሁ ብታነቡትም ግድ የለም።

የጌዴኦ ጓሮ እንደ ሌላው አገር ጓሮ አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ከዛፎቹ ሥር እንሰትና ቡና አለ። ከዚያ ሥር ደግሞ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ቦሎቄና ዱባ ይበቅላል። ሁሉም ባንድ መሬት ላይ ነው። ይህ የአባቶችና የእናቶች አሠራር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ጃርቱ ግን መዝገቡን አላነበበም። ዛፍና ጥላ የበዛበት ጓሮ ለሰው እንደሚመች ለአውሬም ይመቻል። ቀን የሚደበቅበት አለው፤ ማታ የሚበላው አለው።

እኛም በዚህ ነገር ተሳስተን እናውቃለን። የጎመን ችግኛችን በየሌሊቱ ከሥሩ እየተቆረጠ ይወድቅ ነበር። «ድኩላ ነው» አልን። ሦስት ቀን ሙሉ እንጨት ቆርጠን አጥር አጠርን። አጥሩም አማረ። በአራተኛው ሌሊት ግን ችግኙ እንደገና ወደቀ። አንዲት ጎረቤታችን መጡና ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉት። ግራጫ፣ ወፍራም ትል ተጠቅልሎ ወጣ። ቆራጭ ትል የሚባለው ነበር። ይህ ትል ማታ ወጥቶ ችግኝ ይቆርጣል፤ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ሌባው እውስጥ ነበር እኮ! እኛ በውጭ በኩል ስንዘጋበት ከረምን።

ስለዚህ አጥር ከማጠራችሁ በፊት የገባውን ለዩ።

መጀመሪያ የተበላውን ቅጠል አንሡና ዳሩን እዩ። ላማችሁን ወይም ፍየላችሁን አፏን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ በፊት በኩል ጥርስ የላትም። ድኩላና ሚዳቋም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ቅጠሉን በደንብ መቁረጥ አይችሉም፤ ይዘው ይገነጥሉታል። ዳሩ የተቀዳደደ ይሆናል። ጃርትና አይጥ ግን ከላይም ከታችም እንደ መሮ የተሳለ የፊት ጥርስ አላቸው። እነሱ የነከሱት ነገር በመሮ የተፋቀ ይመስላል።

ቀጥሎ መሬቱን እዩ። ድኩላ ለሁለት የተከፈለ የኮቴ ዱካ ይተዋል። የፍየልም ዱካ ይህንኑ ይመስላል። ታዲያ ድኩላን ከመርገማችሁ በፊት የጎረቤት ፍየል ታስራ ማደሯን ጠይቁ። የዱር አሳማ መሬቱን በአፍንጫው ይገለብጣል፤ ጓሮው በማረሻ የተገለበጠ ይመስላል። ጃርት በመንገዱ ላይ እሾህ ይጥላል። ፍልፈል ራሱ አይታይም፤ ያወጣው የአፈር ክምር ግን ይታያል። ጦጣ የሚመጣው በቀን ነው። ጥቂት ይበላል፤ ነክሶ የሚጥለው ይበልጣል።

ድኩላ ይዘላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የጓሮ ዋና ጠላት የሆነው እንስሳ ሌላ ነው። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሰነጣጠቀ ነው። በየዓመቱም ቀንዱን ጥሎ ሌላ ያበቅላል። ይህ እንስሳ በአገራችን ዱር የለም። የእኛ ድኩላ ቀንዱን አይጥልም፤ ሴቷም ብዙውን ጊዜ ቀንድ የላትም። ቢሆንም የዚያ አገር ገበሬዎች ያገኙት አንድ ብልሃት አለ። ዘላዩን እንስሳ ለማገድ የሽቦ አጥራቸውን 2 ሜትር ከ40 ያህል ከፍ ያደርጋሉ። እኛ ይህን ሁሉ ሽቦና እንጨት ከየት እናመጣለን? ግን ሌላም መንገድ አላቸው። ሁለት አጫጭር አጥሮችን አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል አራርቀው ያቆማሉ። እንስሳው ከፍታውን መዝለል ይችላል፤ ከፍታውንና ስፋቱን ባንድ ጊዜ መዝለል ግን ይከብደዋል። የሚያርፍበትን ቦታ ካላየም ለመዝለል ያመነታል። እኛም ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከውስጥ ደግሞ አጭር የእንጨት አጥር ብናደርግ ያው ነው። መካከሉ ለሰው መተላለፊያ ይሆናል።

ለቁጥቋጦ አጥር ኮርች ጥሩ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል፤ እሾህ አለው፤ አፈርም ያዳብራል። ኮሽምና አጋምም እሾሃቸው ብርቱ ነው። ቅንጭብ ቶሎ ይበቅላል፤ ነገር ግን ወተቱ ዐይን ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች እንዳይነኩት ንገሯቸው። የወፍ ቆሎን ግን ለአጥር አትትከሉ። ከአጥር አልፎ ማሳውን ይወርራል፤ ከብትም ይመርዛል። የአጥር ተክል የሚተከለው በልግ ሲገባ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ ነው።

ለጃርት ግን ከፍ ያለ አጥር ምንም አይሠራም። ጃርት ከላይ አይመጣም፤ ከታች ይመጣል። ስለ ጃርት ብዙ ይወራል። «እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል» ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። ሲቆጣ እሾሁን ያቆማል፤ ወደ ኋላ እየሮጠ ይወጋል፤ የላላ እሾህም ይረግፋል። መወርወር ግን አይችልም። ችሎታው መቆፈር ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ግርጌ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና ድንጋይ ደርድራችሁ ቅበሩ። ጃርት ብዙ ጊዜ በለመደው መንገድ ይመላለሳል። በቀን ዱካውን ተከትላችሁ የገባባትን ቀዳዳ ፈልጉ። አጥሩን በሙሉ ከማደስ ያቺን አንዲት ቀዳዳ በድንጋይ መድፈን ይቀልላል።

ጃርት የሚፈልገው የእንሰቱን አሚቾ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ልጃችን አንደኛ ክፍል ሲገባ የተከልነው እንሰት የሚፋቀው ልጁ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ነው ማለት ነው። ጃርት ያንን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። ጎመን ቢበላ በሦስት ወር ሌላ ይደርሳል። እንሰት ቢበላ ግን የጠፋው የቤተሰብ ስንቅ ነው።

ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። እንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ ይገረጣል፤ ይጠወልጋል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። የበሽታውን ምንነት በ1960 ዓ.ም. መርምረው ለዓለም ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ብራድበሪ የተባሉ የውጭ አገር ባልደረባቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ይኸው በሽታ በሙዝ ላይም ተገኝቷል፤ እስከ ኡጋንዳም ደርሷል። በሽታውን ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያዛምተው በተለይ የእኛው ቢላዋ ነው። ነገር ግን ጃርት፣ ፍልፈልና አሳማም የታመመውን ነክሰው ጤነኛውን ሲነክሱ ያስተላልፉታል ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ አውሬ የነከሰውን እንሰት በቆረጣችሁበት ቢላዋ ጤነኛውን አትንኩ። ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ቅበሩት። ለከብት አትስጡት። ከታመመው አጠገብ የበቀለውንም ችግኝ ለጎረቤት አትስጡ።

ፍልፈል ከመሬት በታች ሆኖ አሚቾውን ይበላል። እንሰቱ ሳይታመም ድንገት ሲጋደል ፍልፈልን ጠርጥሩ። ፍልፈል ብቻውን የሚኖር ነው። አንድ ጉድጓድ የአንድ ፍልፈል ነው፤ ይህ ያጽናናል። ሌላም ጠባይ አለው። የጉድጓዱ በር ተከፍቶ ነፋስና ብርሃን ሲገባበት አይወድም። ተመልሶ ሊደፍነው ይመጣል። ልማደኛ ገበሬ በሩን ይከፍትና ድምፅ ሳያሰማ ይጠብቃል። ወይም እዚያው ላይ ወጥመድ ያደርጋል። ጉድጓዱ ውስጥ መርዝ መጨመር ግን አያስፈልግም።

መርዝ ካነሣን ዘንድ እንጨርሰው። መርዝ የበላውን አይጥ ድመት ይበላዋል፤ ድመቷም ትሞታለች። ውሻም እንዲሁ። ጓሮ ውስጥ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ለጥጥ ወይም ለወባ ትንኝ የተሠራ መድኃኒት ጎመን ላይ አይረጭም፤ ጎመኑን የምንበላው እኛ ነን። ለቆራጭ ትል መድኃኒቱ ማለዳ ተነሥቶ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ በእጅ መልቀም ነው። ከመትከል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አረሙን መንቀልና አፈሩን መገልበጥም ይረዳል። በጎመን ቅጠል ጀርባ ለሚሰፍረው ክሽክሽ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል።

ድኩላውንስ ብንገድለው? የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። አውሬው አላስቀምጥ ካላችሁ ጉዳዩን ለቀበሌውና ለግብርና ባለሙያው አመልክቱ።

የዱር አሳማ በመንጋ ሲመጣ የአንድ ቤት አጥር አያቆመውም። ቦይ ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። ይህ የደቦ ሥራ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የጌዴኦ መሬት ተዳፋት ነው። ቦዩን ከላይ ወደ ታች ከቆፈራችሁት በክረምት ጎርፍ ይገባበትና ገደል ይሆናል። በአግድም ቆፍሩት፤ በጎንና በጎን አጥር ይሁን። ማታ ሰው እንዳይወድቅበትም ምልክት አድርጉበት።

ጦጣና ዝንጀሮ ይቀራሉ። እውነቱን እንናገር፤ ለእነዚህ አጥር የለም። ጨርቅ የለበሰ ማስፈራሪያ ብታቆሙ ለጥቂት ቀን ይፈራሉ። ከዚያ በራሱ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቦታውን ብትለዋውጡት ትንሽ ይሻላል። ውሻ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ያ ሰው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ወንጭፍ ይሰጠዋል፤ ማማ ላይ ይወጣል፤ በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ ትምህርት ቤት አይሄድም። ከእናንተ መካከል «እኔም በልጅነቴ ሳልማር የቀረሁት ጦጣ ስጠብቅ ነው» የሚል አይጠፋም። ፊደል የቆጠራችሁት አሁን ነው፤ ልጃችሁ ግን አሁን የክፍሉ ሰዓት እያለፈው ነው።

ጓሮአቸው የተያያዘ 4 ቤቶች ቢስማሙ ለእያንዳንዱ ቤት ተራው የሚደርሰው በ4 ቀን አንድ ጊዜ ነው። ያን ቀን አንድ ትልቅ ሰው አራቱንም ጓሮ ይጠብቃል። ጥበቃው የሚጠነክረው በማለዳና ወደ ማታ ነው። ልጆችም ከትምህርት መልስ ሊያግዙ ይችላሉ። ተራውን በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት። «የእኔ ተራ አይደለም» የሚል ክርክር በወረቀት ያልቃል።

አንድ ደብተርም ለጓሮው ይኑራችሁ። አስቀያሚ ጽሕፈት ቢሆንም ግድ የለም። ማለዳ ያያችሁትን ጻፉ። ከወር በኋላ የትኛው አውሬ፣ በየት በኩል፣ በምን ቀን እንደሚመጣ ደብተሩ ይነግራችኋል። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሰኞ። ጎመን 3 እግር። ቅጠሉ ተቀዳዷል። ኮቴ አለ። በወንዙ በኩል።
ማክሰኞ። ምንም የለም። ውሻው ጮኋል።
ረቡዕ። አንድ እንሰት ተቆፍሯል። እሾህ 2 አገኘሁ። ቀዳዳው ከኮርቹ ሥር ነው። ዛሬ ድንጋይ አደርጋለሁ።