ኮሶ መጠጣትና «ሆድ ማጽዳት»

ሆድን የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣትም ሆነ ለጥቂት ቀን ከምግብ መታቀብ በአገራችን ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተዋል፤ እንቆቆና መተሬ ቀምሰዋል፤ የጉሎ ዘይትና የእንግሊዝ ጨውም ተጠቅመዋል። አዲሱ ነገር በየስልኩ የሚሰራጨው፣ «በሦስት ቀን ሰውነትን ከመርዝ ማጽዳት»፣ «በሳምንት አምስት ኪሎ መቀነስ» የሚል ስም የተሰጠው ልማድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን አነጻጽሮ፣ አንደኛው ምን ምክንያት እንደነበረው፣ ሁለተኛው ደግሞ ምን እንደሚጎድለው ማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ለማንሳት የተገደድኩት ከመጽሐፍ ተነሥቼ አይደለም፤ በራሴ ላይ ከደረሰው፣ ይልቁንም በእኔ ምክንያት በሰው ልጅ ላይ ከደረሰው ነው።

በሶሎሎ የሆነው

በመምህራን ማሰልጠኛ ተቋም የሥነ ሕይወት ትምህርት አስተምራለሁ። በአንድ የዕረፍት ጊዜ ሶሎሎ የሚኖር የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ሶሎሎ ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በአካባቢው ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ ቦረና ሲሆን፣ ኑሮው በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ የተመሠረተ ነው።

ወደዚያ ስሄድ የአምስት ቀን «ማጽጃ» ጀምሬ ነበር። ጠዋት ሎሚ፣ ማርና ሚጥሚጣ የገባበት ውሃ፤ ማታ የሰናመኪ ቅጠል ተፈልቶ፤ በመካከሉ ምግብ የሚባል የለም። ምክንያቴ ቦርጬን ለማጥፋትና «ሰውነቴን ለማደስ» ነበር።

የጓደኛዬ እናት የወተት ሻይ አቀረቡልኝ፤ አልጠጣም አልኩ። ኢቲቱ የሚባለውን፣ በዕቃው ውስጥ ቆይቶ የረጋውን ወተት አመጡልኝ፤ እሱንም መለስኩ። እማማ ወደ ልጃቸው ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ። «ታሞ ነው ወይስ ተቀይሞን ነው? ነው የሚሉት» ሲል ጓደኛዬ ተረጎመልኝ። እውነቱን ስነግራቸው ግራ ገባቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዚያ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ ያ ቤት ከብቶቹን ያጣ ቤት ነው። «ልጄ፣ እኛ የተራብነው የምንበላው አጥተን ነው፤ አንተ ምን አጣህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ስንሄድ ዓይኔ ጨለመ፤ ጉልበቴም ከዳኝና ወደቅሁ። ጥላ ሥር አስተኝተው ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ቀስ በቀስ አጠጡኝ፤ ሲመሽ ተሻለኝ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በማግሥቱ ግን የጓደኛዬ የ15 ዓመት ልጅ «መምህር የሚያደርገው ከሆነ ደግ ነገር ነው» ብላ ከሰናመኪዬ ወስዳ ሁለት ሌሊት አፍልታ እንደጠጣች ታወቀ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣት አድሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኘናት። ሕክምና ተወስዳ በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጥቷት ዳነች። አባቷ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ያን ሰሞን ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ «አያቶቻችንስ ኮሶ ይጠጡ አልነበረም ወይ?» የሚል ነበር። ከሶሎሎ ስመለስ ይህንኑ መልስ እንደገና መረመርኩት።

ኮሶ ለምን ይጠጣ ነበር?

ኮሶ በደጋ አገር የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዛፉና ስለ አጠቃቀሙ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመትም የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ ተልኮ በዚያ ሐኪሞች ዘንድ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

ሕዝባችን ይህን መራራ ነገር የሚጠጣው ስሙ የታወቀ ጠላት ስለ ነበረው ነው። ይኸውም የኮሶ ትል ነው። መድኃኒቱ ለበሽታው ስሙን እስከ መስጠት መድረሱ፣ ሁለቱ ምን ያህል ተያይዘው ይታዩ እንደነበር ያሳያል። የትሉ እጭ በከብት ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ሥጋውን ጥሬውን ወይም ሳይበስል ሲበላ፣ እጩ በትንሹ አንጀት ላይ በራሱ ተጣብቆ ያድጋል፤ ርዝመቱም ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከጅራቱ በኩል የሚበጣጠሱት ቁራጮች ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ ሰገራው በሜዳ ሲጣል ከብቶች ከሣሩ ጋር እንቁላሉን ይበላሉ፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

ኮሶ በየሁለት ወሩ ገደማ የመጠጣቱ ልማድም እንዲያው የመጣ አይደለም። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የትሉን አካል ሲያስወጣ ራሱን ግን በአንጀት ላይ ተጣብቆ ይተወዋል። ከቀረው ራስ ተነሥቶ ትሉ እንደገና እስኪያድግና ቁራጮቹ እስኪታዩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። እንግዲህ አያቶቻችን የሥነ ሕይወትን መጽሐፍ ባያነቡም፣ የትሉን የዕድገት ጊዜ በልምድ ደርሰውበት ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን ኮሶ ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይሠራም፤ ቤቱ ተቀምጦ ይውላል። ልኩ ሲያልፍ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ የዓይንን ብርሃን የጎዳበትና ሕይወትንም ያጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነው በዛሬው ሕክምና ኒክሎዛማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች የተተኩት፤ በሐኪም ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ተወስደው ትሉን ከነራሱ ያጠፋሉ። ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ ግን ሥጋን አብስሎ መብላትና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም ነው።

የዛሬው «ማጽዳት» ምን ያወጣል?

ኮሶ ጠጪው «ምን ወጣ?» ተብሎ ቢጠየቅ የወጣውን ማሳየት ይችላል። እኔ ግን በሶሎሎ «ምን መርዝ ወጣልህ?» ብባል የማሳየው አልነበረኝም። ለምን ቢባል፣ ሰውነታችን ይህን ሥራ የሚሠሩ የራሱ አካላት አሉት። ጉበት ከፕሮቲን መፍረስ የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ዩሪያ ይለውጣል፤ አልኮልንና ልዩ ልዩ መድኃኒቶችንም ያፈርሳል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ የሚጠቅመውን መልሰው፣ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወጣሉ። ይህ ሥራ በሎሚ ውሃ አይፋጠንም፤ ይልቁንም ውሃ ከሰውነት ሲጎድል ኩላሊት ይቸገራል።

ሁለተኛው ተስፋ የክብደት መቀነስ ነው። ሚዛኑ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ግን የሚቀንሰው ምንድን ነው? ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው። እያንዳንዱ ግራም ከ3 ግራም ያህል ውሃ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቋረጥ ክምችቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃል፤ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ግማሽ ኪሎው ከአንድ ተኩል ኪሎ ውሃ ጋር ሲደመር ሁለት ኪሎ ይሆናል። ሰውየው እንደ ቀድሞው መብላት ሲጀምር ይኸው ሁለት ኪሎ በጥቂት ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ስቡስ? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይይዛል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ የሚያወጣ ሰው ሦስት ቀን ምንም ባይበላ የሚጎድለው 6,000 ነው። ይህ ሁሉ ከስብ ብቻ ቢወሰድ እንኳ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ በተግባር ግን ከፊሉ ከግላይኮጅንና ከጡንቻ ፕሮቲን ይወሰዳል።

ሰናመኪና የመሳሰሉት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ጥቅም አላቸው። ሰናመኪ የሚሠራው በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ኃይል ግን አብዛኛው በትንሹ አንጀት ውስጥ አስቀድሞ ወደ ደም ገብቷል። ስለዚህ በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ነው። የፖታሲየም መጉደል ጡንቻን ያደክማል፤ ሲበረታም የልብን አመታት ያዛባል። ያቺ ልጅ የደከመችው፣ እኔም የወደቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰናመኪ በራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው በልኩና ለአጭር ጊዜ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይም ጥያቄው «ጠላቱ ማን ነው?» የሚለው ነው።

ረሃብ በአእምሮ ላይ

የምግብ መጉደል የሚነካው ሥጋን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የተባለው ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን ቀንሶ አጥንቷቸው ነበር። ሰዎቹ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ሲያጡ ቁጡዎችና ትካዜ የወረሳቸው ሆኑ፤ ወሬያቸውም ሕልማቸውም ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ይህ ከሦስት ወይም ከአምስት ቀን እጅግ የረዘመ ነው። ዳሩ ግን አንዱን «ማጽጃ» ጨርሶ ክብደቱ ሲመለስበት ሌላውን የሚጀምር ወጣት፣ ሳያውቀው ወደዚያው መንገድ ሊገባ ይችላል። ክፍል ውስጥ አሳቡ የማይሰበሰብ፣ ከጓደኞቹ ጋር መብላትን የሚሸሽ ተማሪ ስናይ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህንንም እናስብ።

እዚህ ላይ ጾምን ከዚህ ጋር እንዳናደባልቅ ያስፈልጋል። በሃይማኖት የሚጾም ሰው ዓላማው ሌላ ነው፤ ጾሙም የመግደፊያ ሰዓት፣ ሕመምተኛንና ሕፃንን የሚያስቀር ሥርዓት፣ አብሮ የሚጾም ማኅበር አለው። በስልክ የሚመጣው ማጽጃ ግን የነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባ እናትን፣ የስኳር ሕመምተኛን፣ በማደግ ላይ ያለን ልጅ ሁኔታ አይጠይቅም።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህ ጉዳይ የአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ለመጥቀስ ያህል፦

1. በሥነ ሕይወት፣ የኮሶ ትልን ዑደት ስናስተምር የኮሶን ልማድ አብረን እናንሳ። ተማሪዎች «የሁለት ወሩ ልማድ ከየት መጣ?» የሚለውን ራሳቸው ይፈልጉ።

2. በሒሳብ፣ ከላይ ያሉትን የግላይኮጅንና የስብ ቁጥሮች ሰጥተን፣ «በሳምንት አምስት ኪሎ ስብ» የሚለው ተስፋ ይቻል እንደሆነ ያስሉ። ተማሪዎችን ግን በሰው ፊት በሚዛን አናቁም፤ ትምህርቱ በቁጥር እንጂ በልጆች ገላ ላይ አይሠራም።

3. በኬሚስትሪ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ፈሳሽ እናዘጋጅ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ስኳሩ ለጣዕም አለመሆኑን፣ ጨውና ውሃ በአንጀት ግድግዳ በኩል እንዲገቡ የሚረዳ መሆኑን እናስረዳ።

4. በቋንቋ ትምህርት፣ አንድ የማጽጃ ማስታወቂያ ይነበብና ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ። የሚወጣው ነገር ስሙ ምንድን ነው? መውጣቱ በምን ታወቀ? ከሳምንት በኋላስ ምን ይሆናል?

ለመጠቅለል ያህል፣ አያቶቻችን ሲጠጡ የሚያስወጡትን ያውቁ ነበር፤ ከእነርሱ መውረስ ያለብንም መራራውን አበባ ሳይሆን ይህን እውቀት ነው። ቦርጭ የሚቀንሰው በየቀኑ በሚበላው ልክና በእግር በሚኬደው መንገድ፣ ቀስ በቀስ ነው። መምህር ደግሞ የሚያስተምረው በጠመኔ ብቻ አይደለም፤ በሚጠጣው ብርጭቆም ያስተምራል። ይህን የተማርኩት ከአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነው። ሶሎሎን ዳግም ስጎበኝ እማማ ያቀረቡልኝን ኢቲቱ ከነዕቃው ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ልጅቷም በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።