የኢንተርኔት ጨዋታ እገዳና ይግባኙ፦ ንጹሑን ከአጭበርባሪው መለየት ለምን አዳጋች ሆነ?

ፈተናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የተመለሰ አንድ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ካውንተር-ስትራይክ ሊጫወት ኮምፒዩተሩን ይከፍታል እንበል። የሚጠብቀው ግን አካውንቱ በማጭበርበር ምክንያት ለዘለቄታው መታገዱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ነው። መቼና በምን ዓይነት ፕሮግራም እንዳጭበረበረ አይነገረውም። ለድርጅቱ ሲጽፍም ውሳኔው ትክክል መሆኑንና ጉዳዩ መዘጋቱን የሚያስታውቅ የሁለት መስመር መልስ ይደርሰዋል። ተማሪው በእርግጥ ካላጭበረበረ ምን ማድረግ ይችላል? ድርጅቱስ ማጭበርበሩን በምን ያውቃል?

ነገሩ «የጨዋታ ጉዳይ» ተብሎ የሚታለፍ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በታገደው አካውንት ውስጥ የዓመታት ድካም፣ በገንዘብ የተገዛ ዕቃና የባለቤቱ ስም አለ። በቫልቭ ኩባንያ የስቲም አገልግሎት ላይ የእገዳው ምልክት በተጫዋቹ መግለጫ ላይ ሰፍሮ ለማንም ይታያል። ከዚህም ባሻገር፣ አንድ ፕሮግራም በሰው ላይ የሰጠው ፍርድ ቢሳሳት በምን ዘዴ ይታረማል የሚለው ጥያቄ ከጨዋታ ዓለም የሰፋ ነው።

የማጭበርበሪያ ፕሮግራም የሚሠራው አንድ ቀላል እውነታን መሠረት በማድረግ ነው። በኢንተርኔት በሚካሄድ የተኩስ ጨዋታ የባላጋራው አቀማመጥ በስክሪኑ ላይ ባይታይም እንኳ ብዙውን ጊዜ በተጫዋቹ ኮምፒዩተር ሜሞሪ ውስጥ ይገኛል። ይህን መረጃ ማንበብ የቻለ ፕሮግራም ከግድግዳ በስተጀርባ ያለውን ሰው ያሳያል፤ ወይም መሣሪያውን በራሱ ያነጣጥራል። ይህንን ለመከላከል ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2002 «ቫክ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን መከላከያ አወጣ። እንዲህ ያሉ መከላከያዎች እንደ ፀረ-ቫይረስ ሁሉ የታወቁ የማጭበርበሪያ ፕሮግራሞችን አሻራ ይዘው በሜሞሪ ውስጥ ተመሳሳዩን ይፈልጋሉ። በተጨማሪም የጨዋታው ፋይሎች በሜሞሪ ውስጥ ያላቸው ቅጂ በዲስክ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ያመሳክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ራየት ጌምስ ያወጣው ቫንጋርድ ደግሞ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የውስጠኛ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይሠራል። የተጫዋቹን ፋይል ሳይሆን አተኳኮሱን የሚመረምሩም አሉ፤ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቀው ቫክኔት ለዚህ ዓላማ የሰለጠነ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ነው።

እነዚህ ዘዴዎች የሚያዩት ምልክትን እንጂ የሰውን ሐሳብ አይደለም። ምልክቱ ደግሞ ከማጭበርበር ውጭ በሆነ ምክንያት ሊፈጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ስቲም የአንድን ጨዋታ ፋይል በማደስ ላይ ሳለ በዲስክ ላይ የነበረው ቅጂና በሜሞሪ ውስጥ የቀረው አሮጌ ቅጂ ሳይመሳሰሉ ቀሩ። ቫክ ይህን ልዩነት እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞደርን ዋርፌር 2 ተጫዋቾችን አገደ። ስህተቱ ሲታወቅ እገዳው ተነሣ፤ የኩባንያው ኃላፊ ጌብ ኒዌልም ይቅርታ ጠይቀው ለተጎጂዎቹ ሌላ ጨዋታ በነጻ ሰጡ።

በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የደረሰው ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው የቺፕ አምራች በግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ውስጥ በማውስ ጠቅታና በስክሪኑ ምላሽ መካከል ያለውን መዘግየት የሚቀንስ አዲስ አገልግሎት አስገባ። አገልግሎቱ ይህን የሚያደርገው ወደ ጨዋታው የውስጥ ኮድ ገብቶ የአንዳንድ ተግባራትን መንገድ በማስቀየስ ነበር። የማጭበርበሪያ ፕሮግራሞችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው! በመሆኑም የካውንተር-ስትራይክ 2 ተጫዋቾች አንድ ሕጋዊ ቁልፍ ስላበሩ ብቻ ታገዱ። ኤ.ኤም.ዲ. ድራይቨሩን አነሣ፣ ቫልቭም እገዳዎቹን ሻረ።

በሁለቱም ታሪኮች ይግባኙ የተሳካው ተጎጂዎቹ ብዙ ስለነበሩና አንድ የጋራ ነገር ስለተገኘባቸው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ብቻውን የታገደ ሰው ዕድል ለምን የመነመነ እንደሆነ ለመረዳት ግን ጥቂት ስሌት ያስፈልገናል።

ለምሳሌ ያህል 1,000,000 ተጫዋቾች አሉ፣ ከመቶ ሁለቱ ያጭበረብራሉ እንበል። መከላከያው ከአጭበርባሪዎቹ 80 በመቶውን ይይዛል፤ ከንጹሐን ግን ከ1,000 አንዱን ብቻ በስህተት ያግዳል። ከ20,000 አጭበርባሪዎች 16,000 ይያዛሉ፤ ከ980,000 ንጹሐን ደግሞ 980 ይታገዳሉ። ከታገዱት ውስጥ ከ17 ሰው አንዱ ገደማ ንጹሕ ነው ማለት ነው። አጭበርባሪው ከ1,000 አንድ ብቻ በሆነበት ጨዋታ ይኸው መከላከያ 800 አጭበርባሪዎችንና 999 ንጹሐንን ያግዳል፤ ከታገዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም አላጠፉም! መከላከያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአጭበርባሪዎቹ ብዛት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1763 ከሞቱ በኋላ የታተመላቸው የቶማስ ቤይስ ቴዎረም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ድርጅቶች ይህን ስለሚያውቁ የስህተቱን መጠን እጅግ ዝቅ ለማድረግ ይጥራሉ። በመጀመሪያው ምሳሌ ስህተቱ ከ100,000 ሰው አንድ ቢሆን በስህተት የሚታገዱት 10 ያህል ብቻ ይሆናሉ። አሁን ወደ ይግባኙ እንምጣ። አሥሩም ንጹሐን ይጽፋሉ፤ ከ16,000ዎቹ አጭበርባሪዎችም ከአሥር አንዱ ዕድሉን ለመሞከር ይጽፋል። በይግባኝ ተመልካቹ ጠረጴዛ ላይ 1,610 ደብዳቤዎች ይቀመጣሉ፤ ሁሉም «እኔ አላጭበረበርኩም» ይላሉ፤ እውነተኞቹ ግን ከ161 አንድ ብቻ ናቸው። ተመልካቹ ሁሉንም ሳያነብ ውድቅ ቢያደርግ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በላይ ትክክል ይሆናል። የሁለት መስመሩ መልስ ምንጭ ይህ ነው፤ ለአሥሩ ሰዎች ግን አኃዙ ምንም አያጽናናቸውም።

በቤይስ ሚዛን ማስረጃ የሚባለው በንጹሑና በአጭበርባሪው ዘንድ እኩል የማይገኝ ነገር ነው። መሐላ፣ ቁጣ፣ ልመና፣ «ለአሥር ዓመት ተጫውቻለሁ» ማለት ሁለቱም ስለሚያደርጉት ሚዛኑን አያንቀሳቅሱም። «በዚህ ቀንና ሰዓት ይህን ቁጥር ያለውን ድራይቨር ጫንኩ፤ እገዳው በማግሥቱ መጣ፤ ይህንኑ የጫኑ ሌሎች ሰዎችም ታግደዋል» የሚል ደብዳቤ ግን ድርጅቱ በራሱ መዝገብ ሊያጣራው የሚችል ነገር ይዟል። ስለዚህ የታገደ ሰው ኮምፒዩተሩን አጽድቶ እንደገና ከመጫኑ በፊት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙንና የድራይቨሮቹን ቁጥር፣ በዚያን ጊዜ ከጨዋታው ጎን ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞችን ዝርዝርና ሰዓቱን መዝግቦ ቢይዝ ይበጀዋል። አብዛኛው ሰው ግን በንዴት መጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳቱን ነው። በክፍያ እገዳ እናስነሣለን የሚሉትን በተመለከተ፣ የይለፍ ቃሉን የሰጣቸው ሰው ያለችውን አካውንት ጭምር ሊያጣ ይችላል።

የጋራ ኮምፒዩተር የተለየ ችግር አለው። በጌም ቤት ወይም በኢንተርኔት ካፌ ከእርስዎ በፊት የተቀመጠው ሰው የተወው ፕሮግራም በእርስዎ አካውንት ስር ሊገኝ ይችላል። ቫልቭ በአካውንቱ ለሚፈጸመው ሁሉ ኃላፊው ባለቤቱ ነው ይላል፤ «ወንድሜ ነው ያጭበረበረው» የሚለው መከራከሪያም ተቀባይነት የለውም። ቫክ የጣለው እገዳ በድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች አይነሣም፤ ስህተት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ በራሱ ይነሣል።

ማስረጃው ለተከሳሹ የማይገለጥበትም ምክንያት አለ። ምን እንደተገኘበት ቢነገረው የማጭበርበሪያው ሻጭ ያንኑ ነገር ለውጦ በማግሥቱ አዲስ ቅጂ ያወጣል። በቫክ ዘንድ እገዳው ከተደረሰበት ቀን ዘግይቶ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ክርክር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ምስጢሩ የድርጅቱን ስህተትም ይሸፍናል። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. አክቲቪዥን የኮል ኦፍ ዲውቲ መከላከያው ንጹሐን ተጫዋቾችን ለማሳገድ በሚያስችል ቀዳዳ መጠቃቱን አምኖ አካውንቶቹን መለሰ። ቀዳዳውን አገኘሁ ያለ ስሙን የሸሸገ ሰው ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ መከላከያው በሜሞሪ ውስጥ የተወሰኑ ቃላትን ይፈልግ ስለነበር ቃላቱን በመልእክት ወደ ተጫዋቹ መላክ ብቻ ለማሳገድ ይበቃ ነበር።

በእኔ እምነት የይግባኝ ዋጋ የሚለካው ሁለተኛው ምርመራ ከመጀመሪያው በዓይነቱ የተለየ በመሆኑ ነው። በኤች.አይ.ቪ. ምርመራ የመጀመሪያው መሣሪያ ቫይረሱ አለ ቢል ውጤቱ በሌላ ዓይነት መሣሪያ ሳይረጋገጥ የመጨረሻ ተደርጎ አይወሰድም፤ ያው መሣሪያ ቢደገም ያው ስህተት ሊደገም ይችላልና። ያንኑ ፕሮግራም ደግሞ አሂዶ «ውሳኔው ትክክል ነው» ማለት ይግባኝ መስማት አይደለም። አሻራ ያሳገደውን ሰው አተኳኮሱን በቪዲዮ አይቶ መመርመር ግን ሁለተኛ ምርመራ ነው፤ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2013 በካውንተር-ስትራይክ የጀመረው ኦቨርዎች የተባለ አሠራር ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የተጠርጣሪውን ጨዋታ ተመልክተው እንዲፈርዱ ያደርግ ነበር።

ሕጉም ወደዚህ አቅጣጫ እያዘነበለ ነው። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 22፣ በማሽን ብቻ የተወሰነና በሰው ላይ ከባድ ውጤት ያለው ውሳኔ ሲተላለፍ ሰውየው በሰው እንዲታይለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የጨዋታ እገዳ «ከባድ ውጤት» ነው ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ነገር ግን በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማጭበርበር ተጠርጥረው አካውንታቸው በተዘጋባቸው የኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ላይ አንቀጹን ተጠቅሟል። ድርጅቱ ውሳኔውን ሠራተኞቼ አይተውታል ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ያ የሰው ተሳትፎ ለይስሙላ ከመሆን ያለፈ መሆኑ አልታየኝም አለ።