የእግዚአብሔር ፈቃድ በዕለት ተዕለት ኑሮ

የክርስትና ትምህርት የእግዚአብሔርን ፈቃድ በሁለት ወገን ያየዋል። አንደኛው እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልገው፣ በትእዛዙና በወንጌሉ የገለጠው ነው። ሁለተኛው እርሱ ራሱ በዓለም ላይ የሚሠራው፣ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ነው። የመጀመሪያው ማንም እንዲያነበው ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው በአብዛኛው ከሰው የተሰወረ ነው። ምእመናን ስለ ፈቃደ እግዚአብሔር ሲጨነቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ሁለተኛው ነው፦ ማንን ላግባ፣ የትኛውን ሥራ ልያዝ፣ ውጭ አገር ልሂድ ወይስ ልቅር። ጥያቄዎቹ ከባድ ናቸው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ይሁንና መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ፈቃዱ በቀጥታ ሲናገር የሚያነሣው ሌላ ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክቱ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በቅድስና ከመኖር ጋር ያያይዘዋል፤ ዝቅ ብሎም ማመስገንን በዚያው ፈቃድ ውስጥ ይቈጥረዋል። ነቢዩ ሚክያስ ደግሞ እግዚአብሔር ከሰው የሚሻውን ሲዘረዝር ትክክለኛ ፍርድን፣ ምሕረትንና ትሕትናን ይጠራል። ከእነዚህ ውስጥ የተሰወረ ነገር የለም። ፈቃዱን መከተል የሚጀመረውም የታወቀውን በመሥራት ነው።

ክርስቲያን ሁሉ በቃሉ የሚይዘው የአባታችን ሆይ ጸሎት የእግዚአብሔር ፈቃድ በምድር እንዲፈጸም የሚለምነው የዕለት እንጀራን ከመለመኑ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጸሎቱን ያስተማረው ጌታም በጌቴሴማኒ በጭንቅ ሰዓት ራሱ ጸልዮታል፤ መከራው እንዲያልፍለት ከለመነ በኋላ የአባቱን ፈቃድ ከራሱ አስቀደመ። ስለዚህ ሰው የልቡን መሻት ለእግዚአብሔር መንገሩ ነውር የለበትም። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ስእለቱን ይዞ የሚሄደው በዚህ እምነት ነው፤ ልጅ ያጣች ልጅ ትለምናለች፣ የታመመ ጤና ይለምናል፣ የሰመረለት የተሳለውን ያስገባል። ፈተናው የሚመጣው የተለመነው ሳይሆን የቀረ ጊዜ ነው። ስእለቱ ባይሰምርም ጸሎቱን ያላቋረጠ ሰው ፈቃዱን መከተል ምን እንደሆነ ከብዙ ስብከት በላይ ያውቃል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የታወቀውን ፈቃድ የመፈጸም ሥራ በቀንና በሳምንት ተከፋፍሎ ተሠርቷል። የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በ6 ሰዓት የጌታ መሰቀል፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን መስጠቱ፣ በ11 ሰዓት መቀበሩ ይታሰባል። ሰባቱንም ጊዜ መጠበቅ ለሠራተኛ ሰው አስቸጋሪ ነው፤ ብዙው ምእመን ጠዋት ከቤት ሳይወጣና ማታ ሳይተኛ የዘወትር ጸሎቱን ያደርሳል፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ የሚችል ዳዊት ይደግማል። ቀትር ላይ ለአፍታ ቆም ብሎ ማማተብና አባታችን ሆይ ማለት ግን በቢሮም በሱቅም ይቻላል። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩ ኢትዮጵያውያት መካከል ብዙዎቹ እሑድ ወጥተው ቅዳሴ ማስቀደስ አይችሉም፤ ጸሎታቸውም ጾማቸውም በአሠሪያቸው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይፈጸማል። የኑሮ ሁኔታ ሰውን ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደማያግደው የእነርሱ ጽናት ይመሰክራል።

ጾም ከጸሎት ቀጥሎ ይመጣል። የአዋጅ አጽዋማቱ ሰባት ሲሆኑ፣ 55 ቀን ከሚጾመው ዐቢይ ጾምና 3 ቀን ብቻ ካለው ጾመ ነነዌ እንደሚታየው ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረቡዕና ዓርብም ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይቀራል፤ ምግብ የሚቀመስበት ሰዓትም ይዘገያል። ፍትሐ ነገሥት በ14ኛው አንቀጽ ስለ ጸሎት፣ በ15ኛው ስለ ጾም፣ በ16ኛው ስለ ምጽዋት አከታትሎ መደንገጉ ያለ ምክንያት አይደለም። በጾሙ ከማዕድ የተረፈው ለተቸገረ እንዲሰጥ አባቶች ያስተምራሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁ ሰዎችን ይገሥጻል፤ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም የተበደለን ነጻ ማውጣትና ለተራበ ማካፈል እንደሆነ ይነግራቸዋል። የሁለት ወር የሠራተኛ ደመወዝ ይዞ ሁለት ወር የሚጾም አሠሪ ቢኖር የነቢዩ ተግሣጽ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ፈቃዱ በግልጽ የሚፈተነው በሥራና በገንዘብ ላይ ነው። የሉቃስ ወንጌል 3ኛ ምዕራፍ በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ትልቅ ትምህርት ይዟል። መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ንስሐ ሲሰብክ ቀራጮችና ወታደሮች ቀርበው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ሥራችሁን ትታችሁ ተከተሉኝ አላላቸውም። ቀራጮቹን ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስቡ፣ ወታደሮቹን ማንንም በግፍ እንዳይዘርፉና በደመወዛቸው እንዲኖሩ አዘዛቸው። ይህ መልስ ዛሬ ባለጉዳይ ተሰልፎ በሚጠብቅበት በማንኛውም መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይሠራል። ፋይል የያዘ ሠራተኛ እጅ መንሻ እስኪሰጠው ድረስ ነገ ተመለስ እያለ ሰውን ካመላለሰ፣ እግዚአብሔር ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ ለማወቅ ሱባዔ መግባት አያስፈልገውም።

የገበያውም ነገር እንዲሁ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ቅቤ ተራ ያለውን ግርግር ያየ ሰው ነገሩን በቅርብ ይረዳዋል። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀር ቅቤ ያልቀመሰ ሕዝብ ለዶሮ ወጡ ይሻማል፤ ሻጩም ገዢውም ከአክፍሎቱ ወይም ከረጅሙ ጾም የመጡ ናቸው። በዚያው ገበያ ሙዝ ወይም የአትክልት ስብ የተቀላቀለበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት የገባበት በርበሬ አብሮ ይሸጣል። እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ጾሙን ከአፉ እንጂ ከእጁ አልጾመም። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ እንደሆነ ያስጠነቅቃል፤ ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ በገባበት ቀን ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ። ከልቡ ፈቃዱን ለመፈጸም የተነሣ ነጋዴ ከሚዛኑ ቢጀምር አይሳሳትም።

ትልቁ ውሳኔ ሲመጣ፣ ማለት ትዳር፣ ስደት፣ የሥራ ለውጥ ሲሆን፣ የቆየው መንገድ ጸሎትና ምክር አንድ ላይ የሚሄዱበት ነው። ምእመኑ ሱባዔ ይይዛል፣ የንስሐ አባቱን ያማክራል፣ ወላጆቹንና ሽማግሌዎችን ይሰማል። የንስሐ አባት ለቤተሰቡ እንግዳ አይደሉም፤ በበዓል መጥተው ቤቱን ጸበል ይረጫሉ፣ መስቀል ያሳልማሉ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ ይገባሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ። ሥራቸው የወደፊቱን መተንበይ አይደለም። ዱባይ ልሂድ ላለች ልጅ፣ ትዳር አለሽ ወይ፣ የምትተያቸውን ልጆች ማን ያሳድጋል፣ የሚወስድሽ ደላላ ነው ወይስ ሕጋዊ ድርጅት፣ ከማን ጋር ተጣልተሻል ብለው የሚጠይቁ አባት ፈቃዱን ከሕልም ፈቺ በተሻለ ያሳዩዋታል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የጽሞና ጊዜ፣ የቃሉ ንባብ፣ የጾም ጸሎትና የሽማግሌዎች ምክር ተመሳሳይ ቦታ አላቸው። ነቢይ ነኝ ወደሚል ሰው ሄዶ የትዳርና የቪዛ ነገር ማስነገር ግን ከዚህ መንገድ የወጣ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ትንቢትን መናቅን ሲከለክል ሁሉን መመርመርንም አብሮ አዝዟል፤ ያልተመረመረ ትንቢት ትዳር አፍርሷል፣ ገንዘብም አስበልቷል።

ሐዋርያትም ቢሆኑ ነገር ሁሉ በሕልም አልተገለጠላቸውም። በሐዋርያት ሥራ 16ኛ ምዕራፍ ጳውሎስ ወደ እስያ ሊሄድ አስቦ ተከለከለ፣ ወደ ቢታንያ ሞክሮም አልሆነለትም፤ መቄዶንያ የገባው ሁለት በር ከተዘጋበት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ የኢየሩሳሌም ጉባኤ ስለ አሕዛብ የወሰነው ብዙ ከተከራከረ በኋላ ሲሆን፣ ውሳኔውን የመንፈስ ቅዱስና የራሱ አድርጎ ጻፈው። የያዕቆብ መልእክት ደግሞ ከተማ ሄደን ዓመት እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉ ነጋዴዎችን ያርማል፤ ዕቅዳቸውን በእግዚአብሔር ፈቃድ ሥር እንዲያደርጉት ይመክራል። ማቀዳቸውን አልነቀፈም። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ እግዚአብሔር ካለ ሳይባል ቀጠሮ የማይያዘው ከዚህ ትምህርት ነው። ቃሉ ግን ላልታሰበበት ቀጠሮ ማምለጫ ሲሆን ዋጋውን ያጣል፤ እግዚአብሔር ካለ ብሎ የቀጠረ ሰው በሰዓቱ መገኘት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው በመከራ ጊዜ የሚነገረው ነው። ሾፌር በፍጥነት ሲነዳ ሰው ገጭቶ ቢገድል ለቅሶ ላይ ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። እናት በወሊድ ጊዜ በቶሎ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ብትሞትም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሐዘንተኛን ማጽናናት መልካም ነው፤ የሰውን ጥፋት በእግዚአብሔር ላይ መጫን ግን በደል ነው። ጌታ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረድቷል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በተመለከተም ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ መልሶላቸዋል። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ከላይ እንደ መጣ ቅጣት ሲተነትኑለት ሰነበቱ፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነርሱ ነው። ልቅሶ ቤት የሚገባ ሰው እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ አጠገባቸው ቢቀመጥ ይበቃል።

ስለ ሕመምም ቤተ ክርስቲያን በ81ዱ መጻሕፍት ከምትቈጥራቸው አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ሥራ እንደሆኑ ያስተምራል፤ ጸሎትንም ሕክምናንም አያስተውም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገሪቱ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ጸበል ገብቻለሁ ብለው መድኃኒቱን ያቋረጡ ሕሙማን በነበሩበት ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አብሮ መውሰድ ኃጢአት አለመሆኑን በይፋ አስታውቀዋል። ይህ ግልጽ ቃል የብዙዎችን ሕይወት የሚነካ ነበር።

በየዕለቱ የተለማመዱት መታዘዝ በከባድ ቀን ምን እንደሚያደርግ የኢትዮጵያ ታሪክ አሳይቷል። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው የጣሊያን ጦር እንዲገዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው መንጋቸውን ትተው አልሄዱም፤ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ሁለቱም ለዚያ ቀን ብቻ የተዘጋጁ አልነበሩም። አንደኛው በምንኵስና፣ ሌላኛው በአገልጋይነት ሕይወት ለዓመታት እያንዳንዱን ቀን በጸሎትና በአገልግሎት ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ።

ለአብዛኛው ምእመን እንዲህ ያለ ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ዕርቅ ግን ለሁሉም ይመጣል። ወንጌል መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ካሰበ መባውን አስቀምጦ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዝዛል። የንስሐ አባቶችም ለቍርባን የሚዘጋጀውን ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ይህንን ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት የሌለው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጠይቆ ይያዝ። ከወንድሙ ጋር በርስት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር፣ ከባልንጀራው ጋር በብድር የተቀያየመ ሽማግሌ ልኮ ይታረቅ። የሠራተኛ ደመወዝ የያዘም እስከ ነገ ሳያሳድር ይክፈል።