ድንገተኛ የልብ ሕመም ለገጠመው ታካሚ ስለሚገባ ስቴንት፦ ዓይነቶቹ፣ የምርጫው መመዘኛዎችና የታካሚው ድርሻ

የልብ ጡንቻ ለሥራው የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያገኘው ኮሮናሪ ተብለው በሚጠሩ የደም ቧንቧዎች አማካይነት ነው። በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም በአብዛኛው የሚከሰተው ከእነዚህ ቧንቧዎች በአንዱ የውስጥ ግድግዳ ላይ የተከማቸው ስብ ሲሰነጠቅና በሥፍራው ደም ሲረጋ ነው። የረጋው ደም ቧንቧውን ሲዘጋው ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል፤ የሞተውም ጡንቻ በአዲስ ጡንቻ አይተካም። በመሆኑም የሕክምናው ዓላማ ቧንቧውን በፍጥነት መክፈትና ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ለሁለተኛው ተግባር በስፋት የሚያገለግለው ስቴንት የተባለው ጥቃቅን የብረት መረብ ነው።

ብዙ አስታማሚዎች ስለ ስቴንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ታካሚያቸው በድንገተኛ ክፍል ተኝቶ ሳለ፣ ስለ ዓይነቱና ስለ ዋጋው በአጭር ጊዜ እንዲወስኑ ሲጠየቁ ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ኅብረተሰቡ ስለ ስቴንት ዓይነቶች አስቀድሞ ግንዛቤ እንዲኖረው፣ ከሐኪም ጋር በሚደረገው ምክክርም ተገቢውን ጥያቄ ማንሳት እንዲችል ነው።

ስቴንት እንዴት ይገባል?

ሐኪሙ ካቴተር የተባለ ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በሚገኝ የደም ቧንቧ በኩል አስገብቶ እስከ ልብ ያደርሳል። በኤክስሬይ እየተመለከተ የተዘጋውን ሥፍራ ከለየ በኋላ በትንሽ ፊኛ ላይ የተጠቀለለውን ስቴንት እዚያ ያደርሳል። ፊኛው ሲነፋ ስቴንቱ ተዘርግቶ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ፊኛው ይወጣል፣ ስቴንቱ ግን በዚያው ይቀራል። ሕክምናው ደረት መክፈት አይጠይቅም፤ ታካሚውም አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ እያለ ይከናወናል።

በፊኛ ብቻ የሚደረገው ሕክምና በልብ የደም ቧንቧ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ1977 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ በዶክተር አንድሪያስ ግሩንትዚግ ነው። ይሁን እንጂ በፊኛ የተከፈተው ቧንቧ በብዙ ታካሚዎች ላይ ተመልሶ ይጠብ ነበር። ይህን ችግር ለመቅረፍ እ.ኤ.አ. በ1986 በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች ለታካሚዎች ገቡ።

ዋና ዋና የስቴንት ዓይነቶች

የመጀመሪያው መድኃኒት ያልተቀባ የብረት ስቴንት ነው። ቧንቧውን ከመውደቅ ይደግፋል፤ ነገር ግን ሰውነት ለብረቱ በሚሰጠው ምላሽ በውስጡ ጠባሳ መሰል ሥጋ ሊያድግበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑ ታካሚዎች ላይ ቧንቧው በወራት ውስጥ ተመልሶ እንደሚጠብ ይታወቃል።

ሁለተኛው መድኃኒት የተቀባ ስቴንት ነው። በላዩ ላይ ያለው መድኃኒት ቀስ በቀስ እየተለቀቀ የጠባሳውን ዕድገት ይገታል። ይህ ዓይነት በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2003 ለአገልግሎት ተፈቀደ። የመጀመሪያው ትውልድ ዳግም መጥበብን በእጅጉ ቢቀንስም፣ ከዓመት በኋላ እንኳ በስቴንቱ ውስጥ ደም የመርጋት ሥጋት አስከትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ብርቱ ክርክር አስነስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትና ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ስቴንቶች ግን የብረት ክራቸው ይበልጥ ቀጭን፣ መድኃኒቱን የሚይዘው ቅብም ለሰውነት ይበልጥ ተስማሚ በመሆኑ ይህ ሥጋት በእጅጉ ቀንሷል። ኤቨሮሊመስና ዞታሮሊመስ በእነዚህ ስቴንቶች ላይ በብዛት ከሚቀቡት መድኃኒቶች መካከል ናቸው።

ሦስተኛው በጊዜ ሂደት በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ስቴንት ነው። ሐሳቡ ተስፋ ሰጪ ቢመስልም በስፋት ይታወቅ የነበረው ምርት ከብረት ስቴንት ይልቅ ደም የሚረጋበት ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሽያጭ ወጥቷል። ስለሆነም «የሚሟሟው አዲስ ስለሆነ የተሻለ ነው» የሚለው ግምት በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

ለድንገተኛ የልብ ሕመም የትኛው ይመረጣል?

ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም ለሚታከሙ ሰዎች አዲሱን ትውልድ መድኃኒት የተቀባ ስቴንት ያስቀድማሉ። ለዚህ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በአውሮፓ ወደ 1,500 በሚጠጉ የድንገተኛ የልብ ሕመም ታካሚዎች ላይ የተደረገው ነው። ከአምስት ዓመት ክትትል በኋላ ኤቨሮሊመስ የተቀባ ስቴንት ከገባላቸው መካከል ሕይወታቸው ያለፈው 9 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ያልተቀባ ስቴንት ከገባላቸው መካከል ግን 12 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ቀደም ሲል ለመድማት ተጋላጭ ለሆኑ ታካሚዎች ያልተቀባው ስቴንት ይመረጥ ነበር። ምክንያቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ሁለት መድኃኒቶች በጥምር ለአጭር ጊዜ ብቻ መውሰድ ያስችላል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ፣ ለመድማት በተጋለጡ 2,466 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ለአንድ ወር ብቻ ሲወሰዱም እንኳ መድኃኒት የተቀባው ስቴንት ካልተቀባው የተሻለና ይበልጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም ያልተቀባውን ለመምረጥ ይቀርብ የነበረው ዋነኛ የሕክምና ምክንያት ዛሬ አሳማኝነቱን አጥቷል።

በአዲሱ ትውልድ ስቴንቶች መካከል ግን ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ለታካሚው ውጤት ይበልጥ የሚወስነው የስቴንቱ ስፋትና ርዝመት ከቧንቧው ጋር መመጣጠኑ፣ በሚገባ መዘርጋቱና ከዚያ በኋላ መድኃኒት በአግባቡ መወሰዱ ነው። አስታማሚ የአንድን ፋብሪካ ስም ፍለጋ ከቦታ ቦታ መንከራተት አይጠበቅበትም።

ጊዜ ከምርጫ ይቀድማል

የስቴንት ዓይነት ጥያቄ የሚነሳው ታካሚው በጊዜ ከደረሰ ብቻ ነው። በመመሪያዎች መሠረት የተዘጋውን ቧንቧ በካቴተር መክፈት ተመራጭ የሚሆነው ሕመሙ ከተለየበት ሰዓት ጀምሮ በ120 ደቂቃ ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ከሆነ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነና ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ ሐኪሙ የሚከለክል ምክንያት እንደሌለ አረጋግጦ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል፤ ታካሚውም የካቴተር ሕክምና ወደሚሰጥበት ተቋም ይላካል። በአገራችን ይህ አገልግሎት በአብዛኛው በአዲስ አበባ በሚገኙ ተቋማት ላይ የተወሰነ በመሆኑ፣ ከሩቅ አካባቢ የሚመጣ ታካሚ በቅርቡ ባለው ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሕክምና ሳያገኝ ረጅም መንገድ መጀመር የለበትም።

ደረትን ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሠራጭ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ የደረት ሕመሙ ቀላል ሊሆን ወይም ላይኖር ይችላል። ምልክቱን «ጨጓራ ነው» ብሎ ማሳደር ሕይወት ያስከፍላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ነጻ የስልክ መስመር ይጠራል።

ለሐኪሙ መነገር ያለባቸው ጉዳዮች

ሐኪሙ ስለ ስቴንቱና ስለሚከተሉት መድኃኒቶች በትክክል መወሰን የሚችለው የሚከተሉት ሲነገሩት ነው፦

• ታካሚው ቀደም ሲል የጨጓራ ቁስለት፣ የመድማት ችግር፣ ስትሮክ ወይም ከባድ የደም ማነስ ነበረበት ወይ?
• ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ ይወስዳል ወይ? በአገራችን የልብ በር ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ይህን መድኃኒት ስለሚወስዱ ጥያቄው ልዩ ትኩረት ይሻል።
• በመጪው አንድ ዓመት ውስጥ የታቀደ ቀዶ ሕክምና አለ ወይ?
• የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም አለ ወይ?
• ለአስፕሪን ወይም ለሌላ መድኃኒት አለርጂ አለው ወይ?
• የታዘዘውን መድኃኒት ለአንድ ዓመት ያለማቋረጥ ገዝቶ መውሰድ ይችላል ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ አሳፋሪ አይደለም። አቅም እንደማይፈቅድ አስቀድሞ የተናገረ ታካሚ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ አማራጭ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ደብቆ በመካከል ያቋረጠ ግን ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለ ዋጋ

ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ለስቴንቱ አውጥቶ ለመድኃኒቱ እንዳይቸገር አጠቃላይ ወጪውን አስቀድሞ ማስላት አስፈላጊ ነው። ስሌቱ የስቴንቱን ዋጋ፣ የካቴተር ክፍሉን አገልግሎት፣ የአንድ ዓመት መድኃኒትንና የክትትል ምርመራን ያካትታል። የጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚደርስ ከመድኅን ጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚጓዙ ዜጎች፣ የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2017 ጀምሮ ለስቴንቶች የዋጋ ጣሪያ እንዳበጀ ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል። በዚያን ጊዜ ጣሪያው ላልተቀባው 7,260፣ መድኃኒት ለተቀባው 29,600 ሩፒ የነበረ ሲሆን በየጊዜው ይከለሳል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የስቴንቱ ዋጋ ከሌላው ወጪ ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአገር ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ማንም ሰው ከሕጋዊ አቅራቢ ውጭ ስቴንት ገዝቶ እንዲያመጣ አይመከርም።

ስቴንት ከገባ በኋላ

ማንኛውም ዓይነት ስቴንት ቢገባ፣ አዲሱ ብረት በሰውነት ሽፋን እስኪለብስ ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ስለዚህ ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ አስፕሪንና ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት፣ ማለትም ክሎፒዶግሬል፣ ቲካግሬሎር ወይም ፕራሱግሬል፣ በአብዛኛው ለ12 ወራት በጥምር ይወሰዳሉ። ለመድማት ለተጋለጠ ሰው ሐኪሙ ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል። ታካሚው በራሱ ውሳኔ ካቋረጠ ግን ስቴንቱ በድንገት ሊዘጋ፣ ይህም ከባድ የልብ ሕመም ወይም ሞት ሊያስከትል ይችላል።

በጾም ወቅት መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይገባል፤ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በቀን አንድ ጊዜ፣ ቲካግሬሎር ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰዱ ናቸው። ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ሊጠመቁ ይገባል። ጥርስ ለማስነቀል ወይም ለቀዶ ሕክምና የሚቀርብ ሰው ስቴንት እንዳለው አስቀድሞ ይናገር፤ መድኃኒቱን የማቆም ውሳኔም ከልብ ሐኪሙ ጋር በመመካከር ይሰጥ። እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የመድማት አደጋን ስለሚጨምሩ፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ የክሎፒዶግሬልን ኃይል ሊቀንስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ሲጋራና ጫትን ማቆም፣ የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠርም የሕክምናው አካል ነው፤ ስቴንት የሚከፍተው አንድን ሥፍራ እንጂ የቧንቧዎቹን ሕመም ከሥሩ አያድንም።

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የስቴንቱን ዓይነት፣ መጠን፣ የገባበትን ቧንቧና ቀን የያዘ ካርድ ወይም የጽሑፍ ማስረጃ መቀበል መብቱ ነው። ቅጂውም በቤተሰብ እጅ ይቀመጥ፤ ሕመሙ በሌላ ጊዜና በሌላ ከተማ ቢመለስ፣ ለማያውቀው ሐኪም የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ይህ ማስረጃ ነው።